ዘጠኝ ጊዜ «እንደ ቀድሞው»

አንዲትን ላም ለራስህ አሥር ጊዜ ሸጠህ ታውቃለህ? በየሽያጩ ዋጋዋን እያስወደድህ፣ በመጨረሻ «ገበያው የመሰከረላት ላም ይቻትልህ» ብለህ ለጎረቤትህ ያስረከብህበት ቀን አለ? ከሌለ ወይ ሞኝ ነህ፣ ወይ ድሃ፣ ወይ ሐቀኛ፤ በዚያ ዘመን ሦስቱን የሚለይ ሰው አልነበረም። አሥር ጊዜ የሸጡት ሰዎች ግን በዚያ ማክሰኞ ጠዋት በንግድ አዳራሹ ደጃፍ ከሠረገላቸው ሲወርዱ፣ መንገደኛው ሁሉ ባርኔጣውን ያነሣላቸው ነበር።

ጠመኔ ይህን ያየው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሆኖ ነው። ትንፋሹ አጥሮ፣ ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ደግፎ፣ ከታናሽ እህቱ ጋር እየተጣደፈ ይወጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀስ በል እንጂ። ያለ አንተ አይጀምሩም» አለችው።

«ለዚህ እኮ ነው የምሮጠው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ እኔን ጠብቀው ሲጀምሩ አይቼ አላውቅም።»

እህቱ አልሳቀችም። ባሏ ዛሬ በንግዱ ሸንጎ ፊት ይቆማል። ከተፈረደበት ሦስት ዓመት እስር አለ፤ ቤቱም ይወረሳል። ባሏን ለማሳሰር የተጠራው ምስክር ደግሞ ይኸው አጠገቧ እያለከለከ የሚወጣው ወንድሟ ነው። ይህን ከቤት ጀምሮ አንዳቸውም አላነሡትም።

ጠመኔ ቅጽል ስሙ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከእህቱ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም፤ እሷም ጋሼ እንጂ በስሙ አትጠራውም። «ስሞትም መቃብሬ ላይ ጠመኔ ብለው ይጽፉልኛል» ይል ነበር፤ «የሚጽፉትም በጠመኔ ነው፤ አንድ ዝናብ ይበቃኛል።» ሥራው የአዳራሹ ሰሌዳ ጸሐፊነት ነበር። በዚያ ዘመን የአክሲዮን ዋጋ በጠመኔ ይጻፍ ነበርና፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በሸፈነው ጥቁር ሰሌዳ ፊት በጎማ በሚሽከረከር መሰላል ላይ ቆሞ ይውላል። ከታች ደላሎች ሲዋዋሉ እጅ ለእጅ ይማታሉ፤ የተማቱትን ጠሪው ከእንጨት ሣጥኑ ላይ ሆኖ ይጮኸዋል፤ የሻጩን ስም፣ የገዢውን ስም፣ ብዛቱን፣ ዋጋውን። ጠመኔ ዋጋውን ይጽፋል። ሲጠራ የሰማውን ሁሉ ይጽፋል፣ ያልሰማውን አይጽፍም፣ አይጠይቅም። የአዳራሹ ደንብ በሦስት ቃል ያለቀ ነበር፦ «የተጠራ ዋጋ ይጻፋል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ የዚህ ታሪክ መንጠልጠያ እሱ ነው። ያው ሻጭ ለያው ገዢ ያንኑ ብዛት ደግሞ ሲሸጥ፣ ጠሪው ስም አይደግምም። «እንደ ቀድሞው» ብሎ አዲሱን ዋጋ ብቻ ይጮኻል። ለስም ምዝገባ የሚከፈለው ቀረጥም አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል። ትንሽ ቀረጥ ናት፤ ግን ሀብታም ሀብታም የሆነው ትንሿን ስለማይንቅ ነው ይባላል። እኔ ይህን አባባል አልወደውም፤ በዚያ ቀን ግን ለእውነት ጠቅሟል።

ጉዳዩ የድልድይ ኩባንያ ነበር። ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን ወንዝ በአምስት ምሰሶ እሻገራለሁ ብሎ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ። የጠመኔ አማች፣ የእህቱ ባል፣ ድሮ ግንበኛ ነበር፤ ጀርባው ሲጎዳ ወደ አክሲዮን ገባ። አዳራሹ ሟርተኛው ይለዋል፤ ሁልጊዜ «ይወድቃል» ብሎ የሚነግድ ስለሆነ። ንግዱ ለማስረዳት አይከብድም። ዛሬ በእጁ የሌለውን አክሲዮን በዛሬው ዋጋ ይሸጣል፤ ማስረከቢያው ቀን እስኪደርስ ዋጋው ከወረደ በርካሽ ገዝቶ ያስረክባል፣ ትርፉን ይይዛል። ከወጣ ግን በውድ ገዝቶ ያስረክባል፣ ሱሪውን ሸጦም ቢሆን።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አንድ ሰኞ፣ ሟርተኛው በጀልባ ወደ ወንዙ መካከል ሄዶ በሦስተኛው ምሰሶ ላይ ቱንቢውን፣ ግንበኛ ግድግዳ የሚያቃናበትን ጫፉ ብረት የሆነ ገመድ፣ ጣለ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ምሰሶው ግን አብሮት አልወረደም። ማክሰኞና ረቡዕ የድልድዩን አክሲዮን ሸጠ። እሱን ያዩ ሌሎችም ሸጡ፤ ዋጋው ወደ ስልሳ ሁለት ወረደ። ኩባንያው ደግሞ ዓርብ ጠዋት ለሕዝብ አዲስ አክሲዮን ሊሸጥ ነበር፤ መሸጫውም የሐሙስ መዝጊያ ዋጋ ነው ተብሎ በየአደባባዩ ተለጥፏል።

ሐሙስ አዳራሹ አሥር ሰዓት ላይ ሊዘጋ ሩብ ጉዳይ ሲል ቀዩ ደላላና ባለ መነጽሩ ደላላ እጅ ለእጅ ተማቱ። ሁለቱም የኩባንያው ዳይሬክተር ሰዎች መሆናቸውን የበሩ ዘበኛ እንኳ ያውቃል። ጠሪው ጮኸ፦ ቀዩ ሻጭ፣ ባለ መነጽሩ ገዢ፣ አርባ አክሲዮን፣ በስልሳ ሁለት። ከዚያ፦ እንደ ቀድሞው፣ ስልሳ አምስት። እንደ ቀድሞው፣ ስልሳ ስምንት። በሦስተኛው ላይ ጠመኔ ከመሰላሉ ዘወር ብሎ ጠሪውን አየው። ጠሪው ጣሪያውን ያይ ነበር። ጠመኔም ጻፈ። ዘጠኝ ጊዜ «እንደ ቀድሞው» ተባለ፤ ደወሉ ሲደወል ሰሌዳው ላይ የቀረው ሰማንያ ዘጠኝ ነበር። ዓርብ ጠዋት ከአዳራሹ እስከ ጫማ ሰፊዎቹ መንደር የተሰለፈው ሕዝብ በሰማንያ ዘጠኝ ገዛ።

ቅዳሜ ሟርተኛው የለካውን በወረቀት ጽፎ፣ ስሙን ፈርሞ፣ በአዳራሹ በር ላይ ለጠፈ። ዘበኞች ቀደዱት። በሳምንቱ ምሰሶው በዓይን እስኪታይ አዘነበለ፤ ሥራው ቆመ፤ አክሲዮኑ ሠላሳ አንድ ገባ። አምስት መቶ ቤተሰብ ጥሪቱን ሲያጣ ሕግ አይፈልግም፤ የሚተፋበት ፊት ይፈልጋል። ዳይሬክተሩ ፊት አቀረበለት። ሰው ሁሉ ከስሮ ሳለ ያተረፈው ማነው? ሟርተኛው። እንግዲህ የጣለውም እሱ ነው።

ለዚህ ነው የሸንጎው ጸሐፊ እሑድ ዕለት የጠመኔን በር ያንኳኳው። ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ቁጭ በል ሲባል ቁጭ አለ፣ ስለ ትከሻው ጠየቀው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንደሚቀርብለት ነገረው። ሐሙስ መዝጊያው ሰማንያ ዘጠኝ ነበር ወይ? ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላስ ወርዶ ሠላሳ አንድ ገባ ወይ? ሁለቱም እውነት ናቸው። አዎ፣ አዎ ብሎ ወደ መሰላሉ ይመለስ። ሲወጣ፣ ለሰሌዳው ከልጅ እጅ ይልቅ የሽማግሌ እጅ እንደሚመረጥ ለሸንጎው ሰብሳቢ ነግሬልሃለሁ አለው። ጠመኔ ማመስገን እንዳለበት ገብቶት አመሰገነ።

አዳራሹ ደጃፍ ሲደርሱ እህቱ ክንዱን ያዘችው። ባሏን ካናገረችው ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ከኋላ ቤታቸው የሚኖረው ልብስ ሰፊ፣ የልጇን የደብተር ቦርሳ በነፃ የሰፋላት ሰው፣ ምሰሶው በተለካ ማግስት አክሲዮን የገዛው ከባሏ ነበርና።

«ጋሼ፣ ስለ እሱ ብለህ እንዳትዋሽ» አለችው።

«እኔን የጠሩኝ እውነት እንድናገር ነው።»

«ያንን እውነት ነው የምፈራው።»

ውስጡ እንደ ገበያ ቀን ሞልቷል። ሰሌዳው ተጠርጎ ጥቁር ብሎ ቆሟል። ከሥሩ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰባት የሸንጎ አባላት፣ የነሐስ ደወል፣ የቀለም ቀንድ። ሰብሳቢው ጆሮው የደከመ አዛውንት ነው፤ መልካም ሰው ሊባል ይችላል፤ መልካምነቱን የሚፈትን ነገር እስከዚያ ቀን አልገጠመውም። ሟርተኛው ፊታቸው ቆሟል። ቱንቢውን በማስረጃነት ይዞ መጥቷል፤ የብረቱ እንክብል ከኪሱ ተንጠልጥሏል። ከሰገነቱ አንዱ፣ ሰውዬው ሊሰቀል ገመዱን ከቤቱ ይዞ መጣ ብሎ ተረበው። ሳቅ ሆነ። ሟርተኛው ቀና ብሎ፣ «ቱንቢ ማንንም አንቆ አያውቅም» አለ፤ «የሚፈራው የተጣመመ ብቻ ነው።» አሁን የሳቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከነሱ አንዱ ግን ከሰባቱ አባላት መሆኑን ጠመኔ ልብ አለ።

ዳይሬክተሩ ክሱን ራሱ አቀረበ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ልብሱ ያላንዳች እጥፋት፤ ቁጣ እንኳ አልታየበትም። ተከሳሹ የሌለውን ሸጧል አለ። ለማረጋገጥም የኩባንያውን የባለ አክሲዮኖች መዝገብ አስመጣ፤ በቆዳ የተለበደውን መዝገብ ሁለት ሰው ተሸክሞት ገባ። ጸሐፊው ገጹን ገልጦ አነበበ። በተከሳሹ ስም በወሩ ውስጥ አንድም አክሲዮን አልነበረም። ያለመታከት ቀጥሎ ያለውንም የደላሎች ዝርዝር አነበበ፦ ቀዩ ደላላ፣ ወሩን ሙሉ አርባ። ባለ መነጽሩ ደላላ፣ ምንም። ማንም አልሰማም። ጠመኔ ሰማ። ሥራው መስማት ነው።

ሰብሳቢው ሕጉን አነበበ፤ አንዲት መስመር ናት። «በማታለል የአክሲዮንን ዋጋ ያስነሣ ወይም የጣለ፣ ገበያ አዛብቷል።» ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በእውነት የቸገረው ሰው ሆኖ ጠየቀ። በግምት መነገድ አልተከለከለም፤ ግማሹ አዳራሽ የሚበላው በግምት ነው። የሚሸጥ ሁሉ ዋጋ ይጥላል፣ የሚገዛ ሁሉ ዋጋ ያስነሣል። ታዲያ ድንበሩ የት ነው?

ሟርተኛው ቱንቢውን በእጁ ያዘ። ሸጬ ነበር አለ፤ ገዢዬም ሌላ ሰው ነበር፤ ልቡም ሌላ ነበር። እኔ ይወድቃል አልኩ፣ እሱ ይነሣል አለ፣ አንዳችን ተሳስተናል። ሠራተኛው ምሰሶውን አቃንቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤቴን ሸጬ የማስረክበው እኔ ነበርኩ።

«መክሰር የማይችል ሰው ነጋዴ አይደለም» አለ። «ድንበሩ እሱ ነው። እኔ መክሰር እችል ነበር። ሰማንያ ዘጠኝ ያደረጉትን ግን በዚያ ሽያጭ ምን ሊከስሩ ይችሉ እንደነበር ጠይቁልኝ።»

ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ፣ በመዝገቡ ውስጥ ያለው የሐሙስ ሽያጭ አንድ ነው፤ ቀረጡም ተከፍሏል አለ። እውነቱን ነው። የአዳራሹ መዝገብ የሚይዘው መዝጊያውን ዋጋ ብቻ ነው፤ መካከሉ ያለው ማታ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። ዘጠኙን «እንደ ቀድሞው» የጠረገው ራሱ ጠመኔ ነበር።

ሰብሳቢው ወደ ተከሳሹ ተመለሰ። ለልብስ ሰፊው ስትሸጥ ምሰሶው እንዳዘነበለ ታውቅ ነበር?

«አውቅ ነበር።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ልብስ ሰፊው ከኋላ ቆሟል፤ ጣቱ ላይ እስካሁን የመስፊያ ቀለበቱ አለ።

«ለምን አልነገርኸውም?»

«በጀልባ ሄዶ መለካት ለማንም አልተከለከለም። ለመለካት ደክሜያለሁ፤ አራት ቀን የድካሜን ልብላ ብዬ ዝም አልኩ። ሚስቴ ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። እሷ ልክ ናት። ግን እሷ የምትከስሰኝ በዚህ ሕግ አይደለም፤ የእሷ ችሎት ቤት ነው፣ እዚያም ተፈርዶብኛል።»

ጠመኔ ወደ እህቱ አየ። ጉንጯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። አሰበበት። ይህ ሰው ጎረቤቱን ጎድቷል፤ ሕጉ ግን ጎረቤትህን አትጉዳ አይልም፤ አታታልል ነው የሚለው። ነውር ሌላ ነው፣ ወንጀል ሌላ። ነውረኛውን ለማሰር ወንጀለኛው መዝገብ ተሸክሞ ሲመጣ ግን ሁለቱን ያደባለቀው ማነው? ሕዝቡ አይደለም። እኔ ነኝ አለ በልቡ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያውም በክፍያ።

በክፍያ። ጠመኔ የሚከፈለው በመስመር ነበር። ስለዚህ በየቀኑ የጻፋቸውን መስመሮች ከነዋጋቸው በግሉ ወረቀት ይቀዳል፤ ይኸው የሸንጎው ጸሐፊ፣ የአዳራሹም ጸሐፊ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳያነብ ይፈርምለታል፤ ወሩ ሲያልቅ በዚያ ደመወዙን ይቀበላል። ወሩ አላለቀም። ወረቀቱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ያስረከበ ቀን የወሩ ደመወዝ የለም፤ ምናልባትም መሰላሉም የለም።

ስሙ ተጠራ፤ ማለት፣ «ሰሌዳ ጸሐፊው» ተባለ። ወጣ።

ሐሙስ መዝጊያው ሰማንያ ዘጠኝ ነበር? አዎ። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ሠላሳ አንድ ገባ? አዎ። ሰብሳቢው አመስግኖ ተመለስ አለው።

ጠመኔ ወደ ሕዝቡ አልተመለሰም። ወደ መሰላሉ ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት የወጣበት ስለሆነ የከለከለው የለም፤ ሊሠራ የወጣ መሰላቸው። በሚያመው እጁ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሰሌዳው መካከል ላይ ጻፈ፦ ስልሳ ሁለት። ስልሳ አምስት። ስልሳ ስምንት። ሰባ አንድ። ጠመኔው በሰሌዳው ላይ ሲፋጭ ይሰማል። ሰባ አራት። ሰባ ሰባት። ቀዩ ደላላ ሊወጣ ባርኔጣውን ይዞ ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። ሰማንያ። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ዘወር አለ።

ጸሐፊው ይህ በየትኛው ማስረጃ ነው ብሎ ጠየቀ። ጠመኔ ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ከመሰላሉ ጎንበስ ብሎ አቀበለው። የማን ፊርማ እንደሆነ አይተው ቢነግሩኝ አለ። ጸሐፊው የራሱን ፊርማ አየና ወረቀቱን አጠፈው። ሰብሳቢው ወረቀቱን ከእጁ ወስዶ አነበበው።

«ሻጩ ማን ነበር?» አለ ሰብሳቢው።

«ቀዩ። ገዢው ባለ መነጽሩ። አርባ አክሲዮን። ከዚያ ዘጠኝ ጊዜ እንደ ቀድሞው፤ ያው ሻጭ፣ ያው ገዢ፣ ያው አርባ። ቀረጧ እንዳትበዛ ብለው ነው። ስም እየቀያየሩ ቢሸጡ ኖሮ ዛሬ የምለው አልነበረኝም። በደንባችን መሠረት ቀዩ በሩብ ሰዓት ውስጥ አራት መቶ ሸጧል። አሁን የተነበበው መዝገብ ግን ወሩን ሙሉ አርባ ነበረው፣ ዛሬም አርባ አለው ይላል። አራት መቶ የገዛው ደግሞ ምንም የለውም። እንግዲህ የተሸጠ ነገር የለም፤ የወጣው ዋጋው ብቻ ነው።»

ሰገነቱ ላይ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ቆጠረ፤ ቁጥሩ ሲገባው ከጎኑ ላለው አስረዳው፤ ያም ለቀጣዩ። ጠመኔ ይህን ከላይ ሲያይ፣ ዋጋ ሲወጣ የሚያየው ዓይነት እንቅስቃሴ መሆኑን አወቀ።

ዳይሬክተሩ ተነሣ። ቃል በቃል፣ የሰሌዳ ሠራተኛ የአማቹ ጠበቃ የሆነበት ሸንጎ አይቶ አያውቅም አለ። ደግሞም ይህ ሁሉ ከታወቀው ለምን ያን ዕለት አልተናገረም?

ጠመኔ ጠመኔውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ።

«እውነት ነው፤ በሦስተኛው ላይ ገብቶኛል፣ እየገባኝ ጽፌያለሁ። ለዘጠኙም መስመር ሊከፈለኝ ነበር። ከጥፋቱ ድርሻዬ ዘጠኝ መስመር ነው፤ ሸንጎው የሚለኝን እቀበላለሁ። አማቼም ለልብስ ሰፊው ያለበትን እሱ ያውቃል። እኛ ያለብንን ተናግረናል።»

እህቱ ቀና ብላ ታየዋለች። በሕይወቱ ከዚያ መሰላል ላይ ሆኖ ለማንም ጥያቄ አቅርቦ አያውቅም፤ ደንቡ አይፈቅድም። በዳይሬክተሩ ዓይን ትይዩ እስኪሆን ሁለት እርከን ወረደ፤ ከሰማንያ ዘጠኝ ቀጥሎ ባለው ባዶ ጥቁር ላይ የጠመኔውን ጫፍ አስደገፈ።

«ጌታዬ፣ የሌለውን መሸጥ ወንጀል ከሆነ ቀዩም ከአማቼ ጎን ይቁም። ወንጀል ካልሆነ ደግሞ አማቼ ወደ ቤቱ ይሂድ፣ እርስዎ አንድ ነገር ይንገሩን። አራት መቶው አክሲዮን የት ነው? እውነተኛው ገዢ ማነው? ለእኔ በጆሮዬ አይንገሩኝ፤ እኔ የተጠራውን የምጽፍ ሰው ነኝ። እነዚህ በሰማንያ ዘጠኝ የገዙት ሁሉ እየሰሙ፣ ጮክ ብለው ስሙን ይጥሩትና ልጻፈው።»